ጓሮ በጀሪካን ልክ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረገው ንግግር



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ጓሮ አትክልት ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ አሳብ እምቢ ማለት ነበር። በዚህ ግቢ ውስጥ ስለ አትክልት ለመናገር ሊያፍር የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝና። ከፊት የተቀመጡት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ከወዲሁ መሣቅ ጀምረዋል፤ ነገሩን ያውቁታል። ለማታውቁት ወላጆች ግን ከዚያው ከማፍርበት ነገር ብጀምር ይሻላል።

ወደ ደወሌ ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ ጥቂት ዝናብ ጣለና ልቤ ተነሣሣ። መጽሐፍ ገለጥሁ። መጽሐፉ የአትክልት መደብ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አምስት ሜትር ይሁን ይላል። እኔም ተማሪዎቼን አሰልፌ ከመማሪያ ክፍሎቹ በስተኋላ ዐሥራ ሁለት መደብ አሠራሁ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም ተተከለ። ውሃውን ተማሪዎች በተራ ከየቤታቸው ያመጣሉ፤ በየቀኑ አምስት ልጆች፣ አምስት ጀሪካን። ቡቃያው ብቅ ባለ ጊዜ ሁላችንም በዙሪያው ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን። ያ ፎቶግራፍ ዛሬም በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያሾፍብኛል። ግንቦት አልፎ፣ ሶማልኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ሐጋ በሚሉት ወራት ደረቁና ትኩሱ ነፋስ በነፈሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከዚያ ሁሉ አትክልት የቀረው አንድ እግር ቲማቲም ነበር። እሱንም ፍየል በላው።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤቱ መጣች። ልጅዋ ከውሃ አምጪዎቹ አንዷ ነበረች። ቢሮ ግቢ ብላት አልገባም ብላ በበሩ ቆማ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፤ «መዓሊን፣ ልጄ ተሸክማ የምትመጣው ውሃ ከየት እንደሚቀነስ ታውቃለህ?» እኔም ዝም አልሁ። «ከወንድሞቿ መጠጥ ነው የሚቀነስ። አንተ ደግሞ ለፀሐይ ታጠጣዋለህ።»

ይህን የተናገረችው እናት ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለችና ሆዮ እያልሁ ብቻ እናገራለሁ፤ ሆዮ እናት ማለት እንደ ሆነ ለአዲስ መጭ መምህራን መናገር ቢያስፈልግ ነው እንጂ እዚህ የማያውቀው የለም። ይቅርታ ከጠየቅኋት በኋላ «ነገ ና፣ የእኔን እይ» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ግማሹ ከዚያች ጓሮ የተማርሁት ነው። የቀረውን ከመጻሕፍት አገኘሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን መጻሕፍቱን ያነበብሁት ጓሮውን ካየሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ዐይኔን የሳበው ትንሽነቱ ነው። ሦስት ጉድጓድ ብቻ፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ከፍ ያለ መደብ የለም፤ መደቡ ከመሬት በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ተከብቦ ነበር። በላዩ ያረጀ ድሪያ በአራት እንጨት ተወጥሮ ጥላ ሠርቷል። በአንደኛው ቆስጣ፣ በሁለተኛው ባሚያ፣ በሦስተኛው ቃሪያና ጥቂት ሽንኩርት ተተክሏል። ከመታጠቢያው ፍሳሽ አጠገብ ደግሞ አንዲት ፓፓያ ቆማለች። ወሩ ሰኔ ነበር! የእኔ ስድሳ ካሬ ሜትር አመድ በሆነበት ወር የሆዮ ሦስት ካሬ ሜትር አረንጓዴ ነበር።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ከመትከሌ በፊት ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ሒሳብ ሠራሁ። ተማሪዎች ሆይ፣ እስኪ አብራችሁኝ ቁጠሩ። እንደኛ ባለ ሞቃትና ደረቅ አገር አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ከእጅግ ጥቂቱ በቀር በተክሉ ውስጥ አይቀርም፤ በቅጠሉና በአፈሩ በኩል ወደ ሰማይ ይተናል። ስድሳ ካሬ ሜትር በሰባት ሊትር ሲባዛ በቀን 420 ሊትር ነው። እኔ የማጠጣው አምስት ጀሪካን፣ ማለት 100 ሊትር ነበር። እንግዲህ ተባዩም፣ ነፋሱም፣ ፍየሉም ባይኖር ያ አትክልት ሊሞት የተፈረደበት የተተከለ ዕለት ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚያጠጣው ሦስት ካሬ ሜትር አይሞላም። ሆዮ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ነገር ግን ጓሮዋ በትክክል አንድ ጀሪካን ልክ ነው። በደወሌ መሬት ሞልቷል፤ ሰውን የሚያታልለውም እሱ ነው። ጓሮ የሚለካው በመሬት ስፋት አይደለም፤ በየቀኑ ሳይጓደል በሚገኘው ውሃ ነው።

«ታዲያ ያቺ አንድ ጀሪካንስ ከየት ትመጣለች? አሁንም ከልጆች መጠጥ ልትቀነስ ነው?» የሚል ወላጅ ይኖራል። አይደለም። ሆዮ ለአትክልቷ ብላ ከቧንቧ የምትቀዳው ንጹሕ ውሃ የለም። ሩዝ የታጠበበት፣ ሥጋ የተለቃለቀበት፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የውዱእ ውሃ ነው። ከቤቷ ጥግ ሰፊ ሳፋ አስቀምጣለች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ውዱእ የሚያደርገው በሱ ላይ ነው። ሒሳቡን እንደገና እንሥራ። አንድ ሰው ለአንድ ጊዜ አንድ ሊትር ቢያፈስ፣ በቀን አምስት ጊዜ አምስት ሊትር ነው፤ በቤቱ አራት ሰዎች ቢሰግዱ 20 ሊትር ሆነ። ሳሙና የለበት፣ ቅባት የለበት፤ ለአትክልት ከዚህ የተሻለ የተመለሰ ውሃ አላውቅም። በኦሞ ልብስ የታጠበበትን ግን ወደ መደቡ አታምጡ፤ በውስጡ ያለው ጨው ከጊዜ በኋላ አፈሩን ያደነድነዋል። እሱን ለመንገድ ዳር ዛፍ አፍስሱት።

ይህ ነገር ለአገራችን ቆላ አዲስ አይደለም። እኔ የተወለድሁት በድሬዳዋ ነው፤ አባቴ የሼዴፌር ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዘመን የሚነዳው በእንፋሎት ስለ ነበር፣ በየጣቢያው ውሃ መሙላት ግድ ነበረበት። አባቴ ከአባቱ ሰምቶ እንዳጫወተኝ፣ ብልህ የሆነ የጣቢያ ዘበኛ ሁሉ ከውሃው ጋን ሥር፣ ከሚንጠባጠበው ላይ፣ ፓፓያና ሎሚ ይተክል ነበር። ለባቡሩ የተቀዳ ውሃ በመንገዱ አንድ ቤተሰብ አበላ ማለት ነው።

አሁን ስለ መደቡ አሠራር ልንገራችሁ። በደጋው ዝናብ ስለሚበዛ መደቡ ከፍ የሚደረገው ውሃው እንዲወርድለት ነው። እኔ ያነበብሁት መጽሐፍ ለደጋ የተጻፈ ነበርና አልዋሸም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ግን ከፍ ያለ መደብ በአራት በኩል ለነፋስ የተሰጣ ልብስ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ታች መቆፈር ነው። በአሜሪካ አገር፣ በኒው ሜክሲኮ ደረቅ ምድር የሚኖሩት ዙኒ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ መሬቱን በትናንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይከፋፍሉና በየጉድጓዱ ዙሪያ የጭቃ ድንበር ይሠራሉ። ከላይ ሲያዩት የንብ እንጀራ ይመስላል። እነሱን ከሆዮ ያገናኛቸው ማንም የለም፤ አንድ ዓይነት ችግር አንድ ዓይነት ዘዴ አስተማራቸው።

ጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ይቈፈር። ከታች ያረጀ ካርቶን አንጥፉ፤ ከተማችን የድንበር ከተማ ስለ ሆነች ካርቶን አይቸግረንም። በላዩ አፈሩን ካረጀ የፍየል በጠጥ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ መልሱት፤ ትኩስ በጠጥ ግን ሥሩን ያቃጥላልና ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ። አፈሩ አፍ ድረስ አይሞላ፤ አንድ ስንዝር ይጉደል። ከተተከለ በኋላ የአፈሩ ፊት ራቁቱን አይደር። ገለባ በሌለበት አገር ምን እናልብሰው ብትሉኝ፣ የጫት ገራባ አለላችሁ። በየማታው ከየቤቱ የሚጠረገው ገራባ በመደቡ ላይ ሦስት ጣት ያህል ቢነሰነስ አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ ትነቱንም ይቀንሳል። አንድ ቀን ፀሐይ አስመትቶ ማድረቅ ያሻል፤ እርጥቡ ገራባ ፍየል ይጠራልና። (ስለ ገራባው ይህን ያህል ስናገር ስለ ጫቱ ምንም እንዳልተናገርሁ ይታወቅልኝ፤ ተማሪዎች እንደ ፈቃድ እንዳትቈጥሩት።)

አቅሙ ላለው ደግሞ የሸክላ ማሰሮ መቅበር እጅግ ጠቃሚ ነው። ያልተቀባ ማሰሮ በመደቡ መካከል እስከ አንገቱ ተቀብሮ ውሃ ቢሞላና ቢከደን፣ ውሃው በሸክላው ገላ እያላበ የሚወጣው ሥሩ በጠማው መጠን ነው። ፋን ሼንግዢ የተባለ ቻይናዊ ይህን ዘዴ ከዛሬ 2000 ዓመት በፊት በእርሻ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። ማሰሮ የሌለው ሀይላንድ ያንሣ፤ በየመንገዱ ወድቆ የምናየውን ማለቴ ነው። ከሥሩ በኩል በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ በስቶ በየተክሉ አጠገብ ይቅበር። ይህን የሚሠራ ልጅ ሁለት ሥራ ሠራ፤ ከተማውንም አጸዳ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ የቆላ ጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ጨው ይበዛበታል። በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ያ ጨው ነው። ከረን የምንለው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በጣለ ጊዜ ጥላውን አንሥታችሁ ዝናቡ መደቡን እንዲያጥብላችሁ አድርጉ። ዝናባችን የማይታመን ነው፤ የሚያዝያው ይቀርና የሐምሌው በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚተክል ሰው ዕጣ ይጥላል እንጂ አያርስም። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ እንደ እንግዳ እንቀበለው፤ ደስ ይለናል፣ ግን እራት የምናበስለው በሱ ተስፋ አይደለም። ከወንዝ ዳርም መራቅ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ የአባቴን ጓሮ ከነአጥሩ ወስዶታል። ከሄደው ሕይወት አጠገብ ስለ ፓፓያ ማዘን ነውር ስለ ነበር አባቴ ስለሱ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶ አያውቅም።

ምን ይተከል? የጅጅጋ ሰዎች ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ስለሚኖሩ ጎመንና ካሮት ይሆንላቸዋል፤ በነሱ አንቅና። የኛ ተክል ሙቀት የማይፈራው ነው፤ ባሚያ፣ ቃሪያ፣ ቆስጣ በጥላ ሥር፣ የአደንጓሬ ዘመድ የሆነው ዲጊር፣ ሀብሀብ፣ ፓፓያ። የዲጊር ቅጠሉም እንደ ጎመን ይበላል። ቲማቲም የሚወድ ሰው ግን ጊዜ ይጠብቅ። ቀኑ ከ35 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሆን የቲማቲም አበባ ብናኙ ይደክምና ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ተባይ ነው» ብሎ መድኃኒት ይረጫል፤ ተባይ አይደለም፣ ሙቀት ነው። አሁን ጥቅምት ነውና ችግኙን በዚህ ሳምንት ያፈላ ሰው በጥር ፍሬ ይለቅማል። በሚያዝያ የሚተክል ግን እንደኔ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይቀራል።

ወደ ተባዩ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቈይ አትቀየሙኝ፤ ሰውን ከጓሮ የሚያስኮበልለው ይህ ነውና።

በደወሌ ዋናው ተባይ አራት እግር አለው። ስለ ፍየል ስናገር የሚስቅ አለ፤ ነገር ግን ክሽክሽ በሳምንት የማይጨርሰውን ፍየል በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለች። ፍየሏ ምን ታድርግ፤ በዐይኗ ከምታየው አገር ሁሉ አረንጓዴው ያ ብቻ ነው። ደረቅ የግራር እሾህ ወይም የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ ያጥር። ፕሮሶፒስ ግን ቅርንጫፉ እንጂ ዘሩ ያለበት ፍሬው ወደ ግቢ አይግባ፤ ከብቶች ፍሬውን እየበሉ በየሄዱበት ስለ ዘሩት በአፋርም በኛም በኩል ስንት የግጦሽ መሬት እንደ ዋጠ የምታውቁት ነው።

ከጥቃቅኖቹ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ቀይ ሸረሪት ይበዛሉ። ጓሮው ሦስት ካሬ ሜትር የሆነ ሰው ትልቅ ዕድል አለው፤ በየጧቱ እያንዳንዱን ቅጠል ገልብጦ ማየት ይችላል። ክሽክሽን በጣት መጥረግ፣ በውሃ ማጠብ ይበቃል። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ አትግደሏት፤ ክሽክሹን የምትበላላችሁ እሷ ናት። በቲማቲም ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀ፣ መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ ቱታ አብሶሉታ የሚባል ትንሽ የእሳት ራት አለ። እጩ በቅጠሉ ሆድ ውስጥ እየተሹለከለከ ይበላል፤ ከገባ በኋላ መድኃኒት አያገኘውም። ለሱ የሚበጀው እንዳይገባ መከልከል ነው፤ ያረጀ ስስ ድሪያ እስከ መሬት ወርዶ ጫፉ በድንጋይ ቢያዝ ጥላም ወንፊትም ይሆናል። ቲማቲምና ቃሪያ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳብሩ ተሸፍነው ያፈራሉ፤ አገዳቸውን በጧት ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሀብሀብ ግን ንብ ያስፈልገዋልና ሲያብብ በጧት ይገለጥለት።

ስለ መድኃኒት አንድ ከባድ ነገር እናገራለሁ። በገበያችን የነፍሳት መርዝ ከዋናው ዕቃ እየተገለበጠ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ በሀይላንድ ተቀድቶ ሲሸጥ አይቻለሁ። ልጆቻችን ሀይላንድ የሚያውቁት ውሃ ሲጠጡበት ነው! ወላጆች ሆይ፣ ይህን ዕቃ ወደ ቤት አታግቡ። ስሙ ያልታወቀ መርዝ መጠኑም፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ እንደሚቈይም አይታወቅም። ለሦስት ጉድጓድ ቆስጣ ተብሎ ልጅ አይከፈልም።

ከዚያ ይልቅ ኒም አለ። በድሬዳዋ መንገዶች ግራና ቀኝ ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ነው፤ በኛም ከተማ ጥቂት አለ። የደረቀውን ፍሬ ፈልፍላችሁ፣ የውስጡን 50 ግራም ያህል ወቅጣችሁ በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ በጨርቅ አጥሩና ጥቂት ተራ ሳሙና ጨምራችሁ ማታ ማታ በቅጠሉ ፊትና ጀርባ ርጩ። ማታ ያልሁት ፀሐይ ኀይሉን ቶሎ ስለምታጠፋው ነው፤ በየሳምንቱም መደገም አለበት። ወዲያው አይገድልም፤ ነፍሳቱ እንዳይበሉና እንዳያድጉ ያደርጋል። እጅግ መራራ ስለ ሆነ ቅጠሉን ከመብላታችሁ በፊት ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ በደንብ እጠቡት።

የኒም ነገር ለዓለም ሊቃውንት ጎልቶ የታወቀው በአንበጣ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ሊቅ በሱዳን ሳለ የበረሃ አንበጣ መንጋ ወርዶ አካባቢውን ሁሉ ሲያራቁት፣ ኒሙ ብቻ ቅጠሉን እንደ ለበሰ መቅረቱን አየ። ያ ዘመን ለአገራችንም የአንበጣ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 አንበጣ 167,000 ቶን እህል፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ለአንድ ዓመት የሚመግበውን አጥፍቷል። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተባብረው አንበጣን የሚከላከል ድርጅት ለማቆም እ.ኤ.አ. በ1962 የተስማሙት ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ ነው።

እናንተ ግን ለአንበጣ የሩቅ ዘመን ምስክር አያስፈልጋችሁም። በ2010 ዓ.ም. ግንቦትና በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ሁለት ዐውሎ ነፋሶች በዓረብ ምድር ባዶው በረሃ ላይ ዝናብ አፈሰሱ፤ ሰው በማያየው አሸዋ ውስጥ አንበጣው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን፣ ከየመን ባሕር ተሻግሮ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወደኛ ገባ። አንድ አንበጣ ክብደቱ ሁለት ግራም ያህል ነው፤ በቀን የሚበላውም የክብደቱን ያህል ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ምግብ ይበላል። እንግዲህ ሦስት ካሬ ሜትር ምን ሊሆን ነው?

ሆዮ ያን ቀን ስታስታውስ ድምፅዋ ዛሬም ዝቅ ይላል። በ2012 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ሰማዩ ቡናማ ሆነ፤ የባቡሩ ሐዲድ እንኳ በአንበጣ ተሸፍኖ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ቆርቆሮ እየደበደበ ሲጮህ እሷ ቤት ገብታ ያላትን ጨርቅ ሁሉ አወጣች፤ አሮጌውን ድሪያ፣ የአልጋ አንሶላ፣ በመጨረሻም የሠርጓን ሻሽ። ሁለቱን መደብ ሸፈነች፣ ጫፉን በድንጋይ ተጫነች፤ ለሦስተኛው ጨርቅ አልተረፋትም። ማታ መንጋው ሲነሣ ከሦስተኛው መደብ የቀረ ነገር አልነበረም፣ የፓፓያዋም ግንድ ብቻ ቆሟል። ጨርቆቹ ተቦዳድሰው ነበር፤ በሥራቸው ግን ቆስጣና ባሚያ ነበሩ። «ጓሮዬ ትልቅ ቢሆን ኖሮ የምሸፍንበት አይኖረኝም ነበር» ትላለች። የሠርጉን ሻሽ አስቀምጣዋለች፤ ቀዳዳውን አሳይታኛለች።

ከዚህ በኋላ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ይህንኑ ጠይቀውኛል። «ልጄ፣ በየቀኑ ከሐረርጌ ደጋ ሽንኩርትና ጎመን የጫነ መኪና በፊታችን ወደ ጅቡቲ ያልፋል። 200 ኪሎ ሜትር ያህል ከድሬዳዋ ተጉዞ ደጃችን የደረሰውን ገዝቶ መብላት አይሻልም ወይ?» አሉኝ። አባባ እውነታቸውን ነው። ሦስት ካሬ ሜትር ቤተሰብ አይቀልብም፤ ይቀልባል ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። ሽንኩርትና ድንቹ ከመኪናው ይገዛል። ነገር ግን መኪናው የሚያልፈው ወደሚሻል ዋጋ ነው፤ ለኛ የሚቀረው ሙቀት ያጠወለገው ነው። ጎርፍ መንገዱን በቈረጠ ሰሞን ደግሞ እሱም አይኖርም። ቅጠል ከተቈረጠ ሰዓት ጀምሮ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለዐይን ብርሃን የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ፣ ደምን የሚሠራው ብረት፣ ከጓሮ ተቈርጦ በዚያው ሰዓት ድስት ውስጥ ከገባ አንድ እፍኝ ቆስጣ ይገኛል። ወተቱ በበጋ ሲነጥፍና ልጆቹ በሩዝና በፓስታ ብቻ ሲከርሙ ያ እፍኝ ትልቅ ነገር ነው። ሆዮ ራሷ ስትስቅ እንደ ነገረችኝ፣ አያቷ ቅጠል የሚበላ ሰው ቢያዩ «ፍየሉን ምን ልታበላው ነው?» ይሉ ነበር።

ሌላም አለ። የሚያልፈው ጎመን ውሃ ጠጥቶ ነው የመጣው። የሐረማያን ሐይቅ ያየ ሰው ያውቃል። ጎመንና ጫት ለማጠጣት ከዳር ዳሩ በሞተር እየተሳበ፣ ከተራራው በሚወርድ ደለልም እየተሞላ፣ የሐረር ከተማ ሳይቀር ይጠጣው የነበረ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ፈጽሞ ደርቆ ከብት ተሰማርቶበታል። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል፤ ግን ያ ዘመን የታየ ነው። ገበሬዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እኔ በስድሳው ካሬ ሜትር ያደረግሁትን ስሕተት በሰፊው ያደረጉ ናቸው፤ መሬቱን ለኩ፣ ውሃውን አልለኩም።

የትምህርት ቤታችን ጓሮ ዛሬ ዘጠኝ ጉድጓድ ነው፤ ከእጅ መታጠቢያው በታች ነው የሚገኘው። ከቤቱ ውሃ የሚያመጣ ተማሪ የለም። ከዘጠኙ ሁለቱ በዚህ ወር ባዶ ናቸው፤ ምስጥ ገብቶባቸው እንደገና እየተቈፈሩ ነው። የቀሩትን ከንግግሩ በኋላ መጐብኘት ይቻላል፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ያሳዩአችኋል። በሩን ከኋላችሁ ዝጉት፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።

 ሆዮ ካለፈው ዓመት ባሚያዋ ያስቀረችው ዘር በበሩ አጠገብ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ለአንድ ቤት ዐሥር ፍሬ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አትውሰዱ። ዛሬ ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩትና ነገ ጧት ትከሉት።